የብሩኬ እጅ

የኔሰው ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ለመጣ ሁሉ ማመልከቻ መጻፉ ነው። ሁለተኛው ከመሸሻ ጋር መኳረፉ ነው። ለምን እንደተኳረፉ ሰፈሩ በውል አያውቅም፤ አንዳንዱ በእድር ሹመት ነው ይላል፣ አንዳንዱ በአጥር። ባለቤቱ ዘመነች አንድ ቀን ለጎረቤቷ እውነቱን ነግራታለች። «በአንድ ቃል ነው፤ ያውም በሰው አገር ቃል» አለቻት። ጎረቤቷ ግን የምትደብቀው ነገር ያለ መሰላት።

ነገሩ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። መሸሻ አየር ጤና አደባባይ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥበት፣ ፎቶኮፒ የሚያነሳበት ሱቅ ነበረው። አባቱ ከቦንጋ ማር እያመጡ ሲነግዱ እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ኮልፌ ተወልዶ ኮልፌ ነው ያደገው። አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሲስቅ ያየው የለም።

የኔሰው ፎቶኮፒ ሊያስነሳ ይዞ የሄደው ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ገጹ እየረገፈ ያለ ትንሽ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለ ሒሳብ ያስተማረው ሚስተር ጉነሴና የሚባል የስሪላንካ ሰው ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልችል ያለውን ዕቃ ለተማሪዎቹ አከፋፈለ። ለአንዱ ጃንጥላ ደረሰው፣ ለአንዱ ብርድ ልብስ፣ ለየኔሰው ይቺ መጽሐፍ። የቡድሃን ትምህርት የምታስረዳ ናት። አርባ ምናምን ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ከርማ፣ ጡረታ የወጣ ሰሞን ሥራ ሲፈታ አወጣትና ማንበብ ጀመረ።

መሸሻ ገጾቹን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ሲያስተኛ ቆይቶ አንዱ ላይ እጁ ቆመ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ።

የኔሰው መነጽሩን አድርጎ አየና እዚያው እንደቆመ ተረጎመለት። «ሐዘኑን ፈልገው፤ ታገኘዋለህ። ያዘነውን ሰው ፈልገው፤ አታገኘውም።»

ከኋላ ሦስት ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። መሸሻ ማሽኑን አጠፋው። «እስኪ ድገመው» አለ።

የኔሰው ያኔ አልገባውም። የሰውየውን ጉዳት ከሌላ ሰው የሰማው በሳምንቱ ነው። መሸሻና ሚስቱ አልማዜ ብሩኬ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ከእሱ ሌላ አልወለዱም። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ በሁለተኛው ዓመት አቋረጠ። አባትና ልጅ ክረምቱን ሲነታረኩ ከርመው አንድ እሑድ ምሳ ላይ መሸሻ «ከቤቴ ውጣልኝ» አለው። ልጁ ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ከሞያሌ ለእናቱ ደወለላት፤ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። በስድስተኛው ወር አብሮት የተጓዘ ልጅ ደወለ። ማላዊ ውስጥ በጫካ ሲሄዱ ብሩኬ ወባ ይዞት መራመድ አቃተው፤ ደላላው አልጠብቅም ስላለ ዛፍ ሥር አስቀምጠውት ሄዱ። «ውኃ ትተንለታል» አለ ልጁ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ከዚያች የፎቶኮፒ ቀን በኋላ የኔሰውና መሸሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል መጽሐፏን መተርጎም ያዙ። ለማን እንደሚተረጉሟት አያውቁም። የኔሰው እያነበበ በአማርኛ ይናገራል፤ መሸሻ ኮምፒውተሩ ላይ በሁለት ጣቱ ይለቅማል። ያልጣመው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ እጁን ከኪቦርዱ ላይ ያነሳና «እናቴ ይሄን ብትሰማው ይገባታል?» ይላል። ካልገባቸው እንደገና ይጀምራሉ። ዘመነች ነገሩ አላማራትም ነበር። «ለነፍስ አባትህ ነግረሃል?» ትለዋለች። «ሃይማኖት አልቀየርኩም፤ ቋንቋ ነው የቀየርኩት» ይላታል። እንደ ድሮው ይጾማል፣ እንደ ድሮው ያስቀድሳል። መሸሻም እንደዚያው።

መጽሐፏ እንደምትለው፣ ሰው የምንለው አምስት ነገር የተሰበሰበበት ነው፤ አካል፣ ስሜት፣ መለየት፣ ዝንባሌ እና ንቃት። አምስቱም እንደ ወራጅ ውኃ ናቸው፤ አንዱንም «እኔ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ጨብጦ ማቆየት አይቻልም። ለዚህ ትምህርት በአማርኛ ስም ማውጣት ግን ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። መጀመሪያ «ነፍስ» የሚለውን ሞከሩት። መሸሻ ራሱ ጣለው። «ነፍስ የለም ብለን ያተምን ዕለት የነፍስ አባቴ ደጄን አይረግጡም» አለ። በ«እኔ» ተስማሙ። የቀረው ከ«እኔ» ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ብቻ ነበር። መሸሻ «እኔ የለም» ይባል አለ። የኔሰው «እኔ አይደለም» ይባል አለ።

«ልብ ብለህ ስማኝ» ይላል የኔሰው። «ቡድሃው አካልን አሳየና ይሄ እኔ አይደለም አለ። ስሜትን አሳየና ይሄም እኔ አይደለም አለ። አምስቱንም እንደዚያው። ጭራሽ የለም ግን አላለም። አንድ ሰው መጥቶ አለ ወይስ የለም ብሎ ሲያፋጥጠው ዝም ነው ያለው። የለም ብሎ ቢያምን የለም ይለው አልነበር?»

«ዝም ያለው አዝኖለት ነው» ይላል መሸሻ። «ሰውየው ድሮም ግራ የተጋባ ነው፤ የለም ቢለው ጭራሽ ሊያብድ ነው። ሰውየው ሲሄድ ለደቀ መዝሙሩ እንደዚያ ብሎ ነግሮታል። አንተው ነህ የተረጎምክልኝ!»

የመጨረሻው ምዕራፍ መነኮሳቱ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ዘመን ሙሉ እንደተነታረኩ ይናገራል። አንደኛው ወገን፣ ሰው የሚባል ነገርስ አለ፣ ከአምስቱ ጋር አንድም አይደለም፣ ከአምስቱ የተለየም አይደለም ይል ነበር። ሌሎቹ መናፍቅ አሏቸው። የኔሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ጎጃም ውስጥ አያቱ በአንዲት የሃይማኖት ቃል ከወንድማቸው ጋር ተለያይተው፣ ሳይታረቁ እንደሞቱ ያውቃል። «የትም አገር ያለ ሊቅ አንድ ነው» አለ። መሸሻም ያን ቀን ሳቀ። «የአንተስ ስምህ ነው ያጠፋህ። የኔሰው ተብለህ እንዴት ብለህ የእኔ የሚለውን ትለቃለህ?» አለው።

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር 2012 ላይ ነው። ጽሑፉ አልቆ ርዕሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። መሸሻ «እኔ የለም» ብሎ በትልቁ ጽፎ ጠበቀው። የኔሰው ገና ሳይቀመጥ «ይሄ ስሕተት ነው» አለ። እንደ ሁልጊዜው ተከራከሩ፤ ግን መሸሻ በዚያ ቀን አልቀለደም። ፊቱ ቀላ።

«ተወው በቃ!» አለ። «እኔ የለም ካልክ ሰው ያርፋል። አንድ ሰው እንኳ ቢያርፍ ምን ይጎዳሃል?»

የኔሰው መሸሻ ለምን በ«የለም» ላይ ሙጭጭ እንዳለ ያውቅ ነበር። ያዘነው ከሌለ ያጠፋውም የለም። አውቆ ነው የተናገረው፤ በኋላ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ መልስ ሳያርም ያለፈ ሰው አይደለም።

«እኔ ከሌለ፣» አለ፣ «ብሩኬን ከቤት ያስወጣው ማነው?»

ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማ ነበር። መሸሻ ኮምፒውተሩን አጠፋ፤ ገመዱን ነቀለ፤ ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለው። «ሱቅ ልዘጋ ነው» አለ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የኔሰው ሄደ። ሻጯ ልጅ «ጋሼ የሉም» አለችው፤ በመጋረጃው ሥር ግን የመሸሻ ጫማ ይታይ ነበር። ሌላም ቅዳሜ ሄደ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ መንገዱ ሲሰፋ ሱቁ ፈረሰ፤ መሸሻም ዕቃውን ቤቴል ወዳለው መኖሪያ ቤቱ ወሰደ። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንዱ ከድንኳኑ ዳር፣ አንዱ ከሌላው ዳር ይቀመጣሉ። አምስት ዓመት እንደዚህ ሄደ።

ጥር 2017 አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት አልማዜ የየኔሰውን በር አንኳኳች። አረጀችበት። ግቢ ቢላትም አልገባችም፤ በሩን ይዛ እንደቆመች ነው የነገረችው። መሸሻን ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ዐሥራ አራት ቀን ተኝቶ ቤት ገብቷል። ግራ ጎኑ አይንቀሳቀስም። አፉ ግን ደህና ነው፣ ያወራል።

«እሱ አይደለም የላከኝ» አለች። «እኔ ነኝ የመጣሁት። ግራ እጁን የኔ አይደለም ይላል፣ ጋሼ።»

«የኔ አይደለም?»

«የብሩኬ ነው ይላል።»

የኔሰው ጃኬቱን አንስቶ ተከተላት። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል በታክሲ ሄዱ።

መሸሻ ትራስ ተደግፎ ተኝቷል። ጢሙን ራሱ ተላጭቶ ኖሮ ቀኝ ጉንጩ ጸድቷል፤ ግራው እንዳለ ነው። ከፊቱ ያለው ሳህን ላይም በቀኝ በኩል ያለው ምግብ ተበልቷል፣ በግራ ያለው አልተነካም። የኔሰውን አየውና፣ ባለፈው ቅዳሜ የተለያዩ ይመስል፣ «መጣህ?» አለው። «ቁጭ በል። በዚያ በኩል ግን አትቀመጥ፤ ብሩኬን ትጫነዋለህ።»

የኔሰው በቀኝ በኩል ዞሮ ተቀመጠ። መሸሻ በደህናው እጁ ግራ እጁን ከአንሶላው ሥር አወጣና ጭኑ ላይ አስተኛው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አቃናቸው።

«ቀዝቅዟል» አለ። «ጫካ ነው ያደረው። ንካው እስኪ።»

የኔሰው ነካው። እጁ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር።

«መሸሻ፣ ይሄ የራስህ እጅ ነው» አለው።

«አይደለም» አለ መሸሻ፤ ሳይቆጣ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ይሄ የኔ አይደለም። አባት የልጁን እጅ ያጣዋል እንዴ?»

የኔሰው ወደ ቤቱ በእግሩ ተመለሰ። ያቺን አነጋገር ለሦስት ዓመት አፉ ውስጥ ሲያላምጣት የኖረው እሱ ነው። ይሄ የኔ አይደለም፣ ይሄ እኔ አይደለም። ሰው ከጭንቀት የሚወጣበት በር ናት ብሎ የተሟገተላት እሱ ነው። ዛሬ ከመሸሻ አፍ ሲሰማት ግን ሰውየው የወጣባት ሳይሆን የተደበቀባት በር ነበረች። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ታክሲዎቹ ሲያልፉት አንዱን እንኳ እጁን አንስቶ አላስቆመም።

ቤቴል ካለው ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች እንቅስቃሴ የምታሠራው ኤቢሴ የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች። በማግስቱ የኔሰው ሲመለስ ወደ በረንዳው ይዛው ወጣች።

«ጭንቅላታቸው የተጎዳው በቀኝ በኩል ነው» አለችው። «ግራ ጎንህ አለ፣ ያንተ ነው ብሎ የሚነግራቸው ቦታ ነው የተመታው። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የእሳቸው ግን የሚመለስ አይመስለኝም።»

«ለምን?»

«ስለማይፈልጉት። እኔ እጃቸውን ላሠራ ስል ልጄን አታሳምሚው ይሉኛል። እጁን ካላዩት፣ ካልነኩት፣ የኔ ነው ካላሉት እግሩንም ይተውታል። እግሩን ከተዉት ደግሞ ከዚህ አልጋ አይነሱም። እርስዎን እንደሚሰሙ ባለቤታቸው ነግረውኛል።»

አልማዜ ከበሩ ጀርባ ሆና ሰምታ ነበር። ኤቢሴ ስትሄድ ወደ የኔሰው ተጠጋች።

«ያዳምጥዎታል አላልኩም። ይከራከርዎታል ነው ያልኩት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቶሎ ይጀምሩልኝ፣ ጋሼ። ትናንት ሲተኛ እኔም እጁን ስሜዋለሁ። ብሩኬ ብዬ ነው የሳምኩት።»

የኔሰው በማግስቱ ጀመረ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፤ በሳምንት ሦስት ቀን። መሸሻን እንዴት እንደሚከራከረው አስቦ አስቦ ያገኘው ዘዴ ያቺው መጽሐፍ የምትሄድበት መንገድ ነው፤ አንድ በአንድ እየነኩ መጠየቅ። መጽሐፏ ግን የምትጠይቀው «እኔ» የሚባለውን ለማፍረስ ነበር፤ እሱ ለመጠገን ነው።

«ይሄ ትከሻ የማነው?»

«የኔ።»

«ይሄ ክንድ?»

«የኔ።»

«ይሄ ክርን?»

መሸሻ ፊቱን ወደ ቀኝ ያዞራል።

«ትከሻህ ያንተ ነው፤ ክንድህ ያንተ ነው። እሺ፣ ከየት ጋ ነው ብሩኬ የሚጀምረው?»

«ከክርን በታች» አለ መሸሻ መጀመሪያ ሰሞን። ቁርጥ አድርጎ፣ እንደ ወሰን ድንጋይ።

የኔሰው ያቺን ወሰን ይዞ ሄደ። እጁን በሞቀ ውኃ እያጠበ፣ በቅባት እያሸ፣ መሸሻ በቀኝ እጁ ከትከሻው ጀምሮ ሳያነሳ ወደ ታች እንዲዳስስ ያደርገዋል። «የት ጋ ተቋረጠ? ቆዳው የት ጋ ተቀደደ? አሳየኝ» ይለዋል። መሸሻ ይዳስሳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዳስሳል። አንዳንድ ቀን ይናደዳል። «አንተ ድሮም እንዲህ ነህ፤ ያለህበት ቤት ውስጥ ሰው አያርፍም» ይለዋል። የኔሰው ይችለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ወሰኑ ወደ ክርኑና አንጓው መካከል ወረደ። በየካቲት መጨረሻ አንጓው ላይ ደረሰ። ኤቢሴ ደስ አላት፤ እግሩም መንቀሳቀስ ጀምሯል። የኔሰው ግን በየሳምንቱ ከዚያ ቤት ሲወጣ የቀረውን ይቆጥር ነበር። ብሩኬ ከክርን እስከ ጣት የነበረው አሁን መዳፍ ብቻ ቀርቷል።

መጋቢት ላይ ጣቶቹ ብቻ ቀሩ። መሸሻ አምስቱን ጣት በደህናው እጁ ጨብጦ ይውላል። ሰው ሲገባም አይለቃቸውም።

በመጋቢት የመጨረሻ ቅዳሜ የኔሰው ጣቶቹን ሲያሽ አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አየ። ሱቁ ሳለ ያውቀዋል፤ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ የተሸበሸበ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ፤ እንዲሁ ነው የጠየቀው፣ ሊያጠምደው አልነበረም።

«የላሚኔሽኑ ማሽን ነዋ» አለ መሸሻ። «የነዋሪነት መታወቂያ ሳሽግ ነው ያቃጠለኝ።»

«ያቃጠለህ?»

«ያቃጠለኝ» አለና ቆመ።

አውራ ጣቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው። ጠባሳውን በቀኝ እጁ ጥፍር ጫር ጫር አደረገው። ወደ አንጓው ወረደ፣ ወደ ክርኑ፣ ወደ ትከሻው፤ ከዚያ ተመልሶ ጣቱ ላይ መጣ። የኔሰው ሁለት ወር ሙሉ የለፋለት ነገር ሲመጣ እያየ፣ ባይመጣ ብሎ ተመኘ።

«የኔ ነው» አለ መሸሻ።

መሸሻ ከእጁ ላይ ዓይኑን አንስቶ በግራ በኩል ያለውን ባዶ ፍራሽ አየ። በዚያ በኩል ካየ ሦስት ወሩ ነው።

«ብሩኬስ?» አለ። «የኔሰው፣ ብሩኬ የት ሄደ?»

ስሕተት ሳያርም የማያልፈው የኔሰው ዛሬ የሚያውቀውን መልስ መናገር አቃተው። የመለሰችው አልማዜ ናት። ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሞቷል፣ መሸሻ» አለች። «ልጃችን ሞቷል።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ያቺን ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። መሸሻ ጮኸ። የጎረቤት ሰዎች አጥር ዘለው እስኪመጡ ድረስ ጮኸ። ሰውየው ራሱ የሞተ መስሏቸው ነበር።

ለብሩኬ ድንኳን አልተተከለለትም ነበር። ወሬው የመጣ ጊዜ አልማዜ ለቅሶ ልቀመጥ ብትል መሸሻ «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብሎ ከልክሏታል፤ እሷም ለብቻዋ ጓዳ ውስጥ አልቅሳ ዝም አለች። አሁን ግን በሦስተኛው ቀን የኔሰውን ጠራውና «ለእድሩ ንገርልኝ። ድንኳን ይተከልልኝ» አለው።

እድሩ ከፋሲካ በኋላ ተሰበሰበ። ዘጠኝ ዓመት ላለፈው ሞት ድንኳን የሚሰጥ ደንብ የለም ያሉ ነበሩ። የኔሰው ተነሥቶ ማመልከቻውን አነበበ፤ በሕይወቱ ከጻፋቸው ሁሉ አጭሩ ነው። «አባቱ ዛሬ ነው የሰማው» ይላል። ሌላ ክርክር አልተነሣም። ድንኳኑ የግንቦት ሚካኤል ማግስት ተተከለ። ብሩኬ ለኮሌጅ መታወቂያ የተነሣት ጉርድ ፎቶ በትልቁ ተሠርታ ጠረጴዛ ላይ ቆመች። መሸሻን ተሸክመው አውጥተው መግቢያው ላይ አስቀመጡት፤ የመጣውን ሁሉ በቀኝ እጁ እየጨበጠ «ልጄን እኔ ነኝ ያስወጣሁት» ይላል። «ዝም በል፣ እንዲህ አይባልም» ይሉታል። አይሰማቸውም። ለሚቀጥለውም ይደግመዋል። የኔሰው ሦስቱንም ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማት አያውቅም።

ድንኳኑ በተነሣ በሳምንቱ ሁለቱ ብቻቸውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ የኔሰው ያቆየውን አወጣው።

«ሱቅ ውስጥ ያን ቀን የተናገርኩትን ...»

«እውነት ነበር» አለ መሸሻ ሳያስጨርሰው። «ውሸት ቢሆን ኖሮ ሰድቤህ በማግስቱ እንታረቅ ነበር። እውነት ስለሆነ ነው አምስት ዓመት ዓይንህን ማየት ያቃተኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«እስቲ» አለ መሸሻ። «እኔም ይቅር በለኝ ብዬ የምለምነው ልጅ አለኝ። እሱ መልስ ሲሰጠኝ ያንተንም እነግርሃለሁ።»

የኔሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘም፤ ደግሞም አልጠየቀም።

መሸሻ በሐምሌ በከዘራ ከአልጋው እስከ ግቢው በር መሄድ ቻለ። ግራ እጁ ወረቀት ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ አይሠራም። ትርጉሙ ያለበት ኮምፒውተር ሱቁ ሲፈርስ ከዕቃው ጋር የት እንደገባ አይታወቅም፤ አንዳቸውም አልፈለጉትም። የኔሰው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ መሸሻ በሬዲዮ ስለሚሰማው ኳስ። ስለ «የለም» እና ስለ «አይደለም» አንሥተው አያውቁም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ መሸሻ ወደ ደጁ እያየ ተናገረ።

«ጠዋት ስነቃ ግራ እጄን እይዘዋለሁ» አለ። «የኔ መሆኑን አውቃለሁ። አልጠፋኝም። ግን እይዘዋለሁ።»

የኔሰው ወደ እጁ አየ።

«ያዘው» አለ።

አልማዜ ከውስጥ ምሳ ቀረበ ብላ ተጣራች። የኔሰው ተነሥቶ ከዘራውን አቀበለው፤ ቀስ ብለው ገቡ።